ጭንቀትን በየስሙ ማከም ይብቃ

ታክሲ ውስጥ ልቧ በድንገት የሚደልቅባትና ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት፣ ሰው በተሰበሰበበት መናገርም ትፈራ ይሆናል። ሌሊቱን ደግሞ ስለ ልጆቿና ስለ ቤት ኪራይ ስታወጣ ስታወርድ ይነጋባታል። ሐኪም ዘንድ ብትቀርብ ሦስት የሕመም ስም ሊሰጣት ይችላል። እንዲህ ያለ መደራረብ የተለመደ ነው። ታዲያ ሦስቱን በየተራ ትታከም? እኔ በዚህ አልስማማም።

አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ የጀመሩት የንግግር ሕክምና፣ አስተሳሰብንና ድርጊትን አብሮ የሚፈትሽ ነው። እየተስፋፋ ሲሄድ ለየሕመሙ የየራሱ መመሪያ ተጻፈለት። የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ባርሎውና ባልደረቦቻቸው ግን የሕመሞቹን የጋራ ሥር ተመለከቱ፤ ሰዎቹ የሚፈሩት ነገር ቢለያይም ሁሉም ከገዛ ስሜታቸው ይሸሻሉ። ከታክሲ መውረድ፣ ከስብሰባ መቅረት፣ "ደርሳችኋል ወይ?" እያሉ ደጋግሞ መደወል ለጊዜው ያሳርፋል። የተፈራው ነገር እንደማይደርስ የሚታይበትን ዕድል ግን ይነጥቃል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሕክምና አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው፣ 223 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናታቸው ይህ ሕክምና በየሕመሙ ከተዘጋጁት እንደማያንስ አሳየ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁትም በእሱ የታከሙት በርከት ያሉ ነበሩ።

ከሕክምናው ሁሉ የሚደንቀኝ ስሜቱን ሆን ብሎ መቀስቀሱ ነው። ልቧና ታይሮይዷ አስቀድሞ ተመርምሮ ደህና ከሆነ፣ ታካሚዋ በቀጭን ስትሮ እንድትተነፍስ፣ ባለችበት እንድትሮጥ፣ ወንበር ላይ እንድትሽከረከር ትደረጋለች። ልቧ ይደልቃል፣ ያዞራታል፤ ግን አትሞትም። "ምንም አትሆኚም" ብሎ መቶ ጊዜ መንገር ይህን አይተካም፣ ምክንያቱም ያየችው ራሷ ናት። ከዚያ ታክሲው ይከተላል፣ ቀጥሎም ስብሰባው፤ ያው ልምምድ ለሁሉም ይሠራል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ቤተሰብ የሚወደውን ሰው ከፍርሃቱ ይሸሽገዋል። "ተይው፣ እኔ እሄድልሻለሁ" እንላለን፤ ከፍቅር ነው፣ ሕመሙን ግን ያደልባል። የሥነ ልቦና ባለሙያ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ለአምስት ሕመም አምስት ዓይነት ሥልጠና መጠበቅ አያዋጣም። ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች ይህን አንዱን ዘዴ በደንብ ማስተማር፣ የሚከታተላቸው ባለሙያም መመደብ ይቻላል። ቤተሰብም መጀመሪያ ላይ አብሯት ታክሲ ይሳፈር፤ ቀስ በቀስ ግን ብቻዋን ይልቀቃት።