ስለ ታሪክ ልብ ወለድና ስለ ልብ ሰቀላ

የታሪክ ልብ ወለድ አንባቢ የነገሩን ፍጻሜ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ልቡ ሊሰቀል አይችልም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ይህን አልቀበልም። መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው፥ በማግሥቱም ዓመት ለቡከር ሽልማት ከቀረቡት ከመጨረሻዎቹ ስድስት መጻሕፍት አንዱ በሆነው «የጥላው ንጉሥ»፥ የጣልያንን ድል መሆን ሁላችንም እያወቅን፥ ገረዲቱ ሂሩት የተቀማችውን የአባቷን ጠመንጃ ታገኝ እንደ ሆነ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉም እርሳቸውን መስሎ በሠራዊት ፊት የሚቆመው ባላገር ምስጢሩ ይገለጥ እንደ ሆነ በብርቱ ጭንቀት እንከተላለን። ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን የአርበኞችን ተጋድሎ ስታወድስ በገዛ ቤታቸው በሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ አለመሰወሯ ነው፤ ይህን ያህል ድፍረት ያላቸው የታሪክ ልብ ወለዶች ጥቂት ናቸውና።

እንዲሁ ልብ የሚሰቅለው፥ በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ»፥ ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ትኩሳት ሳይበርድ፥ ስለላውንና ፍቅሩን በአስመራ ከተማ አዋሕዶ የተጻፈ ሲሆን፥ ዛሬ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለባዕዳን አንባብያን ሲደርስ እጅግ ደስ ይለኛል፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ መቅረቱን የሚያስብ አንባቢ እያንዳንዱን ምዕራፍ በኀዘንና በፍርሃት ይገልጣል።

የጣናን ገዳማት ከባዕዳን ሰላዮች ጋር በልብ አንጠልጣይ ሴራ ያገናኘው የይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለድ «ዴርቶጋዳ»ም፥ ብዙ ወጣቶችን ወደ ንባብ ስለ ሳበ ምስጋና ይገባዋል። ለሴራው ያዋለውን ትጋት ለገጸ ባሕርያቱ ኅሊና አካፍሎት ቢሆን ኖሮ፥ ከ«ኦሮማይ» ጎን ባስቀመጥሁት ነበር።