ያረጀው ኮምፒዩተርም የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው

በሠራተኛው ላብ የተገዛ ንብረት አገልግሎቱን ፈጽሟል ተብሎ በመጋዘን ጥግ ሲጣል፣ ባለቤቱ ሰፊው ሕዝብ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ግራና-1ን የመሰሉ የማሽላ ዝርያዎችን ለአርሶ አደሩ ያበረከተው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በጦርነቱ የደረሰበት ዘረፋና ውድመት፣ የዓመታት ድካም የተመዘገበበት መረጃ ከብረቱ ይልቅ ውድ መሆኑን አስተምሮናል።

ስለሆነም አሮጌው መሣሪያ ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት መረጃው ይገልበጥ። ፋይል መሰረዝ ብቻውን ምስጢርን አያጠፋምና ዲስኩ በላዩ ላይ እንደገና ተጽፎበት ይጽዳ፤ አለዚያም ይሰባበር። የሚሠራው ለትምህርት ቤት ይተላለፍ፤ የማይሠራው መዳብና ወርቅ ስላለበት በባለሙያ ይፈታ። ሽቦን በሜዳ ማቃጠል ለልጆቻችን መርዝ ማውረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም ካመነጨችው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በደንቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነበር።

የሕዝብን ንብረት መዝግቦ፣ አጽድቶ ማስረከብ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ግዴታ ነው!