ሦስተኛዋ ሽቦ የት ሄደች?

ወዳጆች፣ ዛሬ ስለ ጎሚስታ ነው የምንጨቃጨቀው። አትሳቁ!

ተማሪዎች ሳለን አንድ ክረምት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንጓዝ፣ እንፍራንዝን አልፈን ማክሰኝት ላይ ጎማ ተነፈሰብን። ጎሚስታ ቤት ለማግኘት አልተቸገርንም፤ አስፋልቱ ዳር የቆመ አሮጌ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ቤቱ የሰው መኖሪያ ነው። የፊቱ ክፍል ጋራዥ ሆኗል፤ ከጓዳው የእንጀራ ጭስ ይወጣል። ኮምፕሬሰሩ ደጅ፣ ጭቃው መሃል ቆሟል። ገመዱን በዓይናችን ተከተልነው። ሁለት ቦታ ተቀጥሎ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ በመስኮት ይገባና ከቴሌቪዥኑ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። ልጁ (15 ዓመት ቢሆነው ነው) በባዶ እግሩ ቆሞ ማብሪያውን ሲነካ እጁን ሰብሰብ አደረገ። ምነው ስንለው ሳቀ።

«ትንሽ ይቆነጥጣል እንጂ ምንም አይል፤ አይዟችሁ።»

ይቆነጥጣል! 220 ቮልት እንደ አክስት ይቆነጥጣል!

እንግዲህ እዚህ ላይ «ልጁ አልተማረም» ብሎ የሚያልፍ አይጠፋም። እኛ ደግሞ እንላለን፤ ልጁ ከማናችንም በላይ ተምሯል፤ ማሽኑ እንደሚነዝር በቆዳው ያውቃል። የማያውቀው፣ ያልነገሩት፣ ከማሽኑ ጋር የመጣችው ሦስተኛ ሽቦ የት እንደሄደች ነው። ኮምፕሬሰር ሲገዛ ገመዱ ውስጥ ሦስት ሽቦ አለ። አንዷ ቢጫና አረንጓዴ ናት፤ የመሬት ሽቦ፣ ባለሙያዎቹ ኤርዝ የሚሏት። ገመዱ ሲበጠስ ወይም ሲያጥር ባለ ሁለት ሽቦ ይቀጠልበታል፤ እሷ ተቆርጣ ትታጠፋለች። ማሽኑ ያለ እሷም ስለሚሠራ ማንም አይናፍቃትም።

ሥራዋ ግን ይኸውላችሁ። ሞተሩ ውስጥ ያለው መከለያ ሲላላ ወይም ውኃ ሲገባበት፣ ኤሌክትሪኩ የማሽኑን ብረት ይይዛል። የመሬት ሽቦዋ በደንብ ተዘርግታ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል በብዛት ይፈሳል፣ ባልቦላው ይወድቃል፣ ነገሩ ያበቃል። እሷ ከሌለች መንገዱ ልጁ ነው፤ በእጁ ገብቶ በባዶ እግሩ ወደ ጭቃው። «ባልቦላ አለን አይደል?» ለምትሉ፦ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ሞተር ሲሠራ ወደ 10 አምፔር ይስባል። ሰው ለመግደል 30 ሚሊ አምፔር ትንሽ ከቆየ ሊበቃ ይችላል፤ ከሞተሩ ድርሻ ሦስት መቶኛውን እንኳ የማይሞላ ነው። 16 አምፔር የሚጠብቅ ባልቦላ ልጁ ሲሞት ልብም አይለው። ያንን የሚለይ ሌላ ዓይነት ብሬከር አለ፤ የሄደው ኤሌክትሪክ ተመልሶ ካልመጣ በቅጽበት ይቆርጣል። እሱን የገጠመ ስንት ቤት ታውቃላችሁ? (አንዳንዱ ቤትማ ባልቦላውም ቀርቶ የመዳብ ሽቦ ታስሮበታል፤ «እየወደቀ አስቸገረን» ይሉናል።)

ሁልጊዜ የምትመጣው መልስ «ድሃ ነን» ናት። እሺ፣ በድህነት ቋንቋ እናውራ። ሞተር ሲነሳ ከተለመደው አምስትም ሰባትም እጥፍ ይስባል። በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 30 ሜትር ከሳባችሁት፣ ሲነሳ ከ220ው ቮልት 40 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ሞተሩ እያቃሰተ የሚነሳው፣ አንዳንዴም የማይነሳው። እያቃሰተ ይግላል፣ ይቃጠላል፣ ለጥቅለላ ይሄዳል። የጥቅለላውን ሂሳብ ከገመዱ ዋጋ ጋር አስተያዩት!

መፍትሔው ደግሞ አስቂኝ ነው። ኮምፕሬሰሩን ወደ ደጅ አታውጡት! ሶኬቱ አጠገብ፣ ደረቅ ቦታ ላይ አስቀምጡትና የአየር ቱቦውን አርዝሙት። በቱቦ የሚሄድ አየር ጭቃ ውስጥ ቢገባ ማንንም አይገድልም። ሶኬቱም ለብቻው በ2.5 ካሬ ሽቦ ከቆጣሪው ይምጣ፤ የመሬት ሽቦዋም ግድግዳ ውስጥ ብቻ ሳትቀር መሬት ከተቀበረ ዘንግ ትድረስ። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ማጥፋት ደግሞ ዋጋው ዜሮ ነው። መብራቱ በራሱ ጊዜ ሲመጣ ሞተሩም በራሱ ጊዜ ነው የሚነሳው፤ ያኔ እጁን ቀበቶው ላይ ያደረገ ልጅ ጣቱን ያጣል።

ይህንን የሚያውቅ ባለሙያ ጠፍቶ ነው እንዳትሉን። ከጣና ውኃ ቀድተን በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ጣና በለስን ያስመረቅን ሰዎች ነን። ጳጉሜን 2017 ላይ 5,150 ሜጋ ዋት ብለን በህዳሴው ግድብ ጨፍረናል፤ እኛም ጨፍረናል፣ አንክድም። ግን ያ ሁሉ ጉልበት መጨረሻው ላይ የሚደርሰው በፌስታል በተጠቀለለ ቅጥያ ከሆነ የምን ጭፈራ ነው? የንግድ ፈቃድ የሚያድሰው ክፍል ግብር መከፈሉን ያያል። ሽቦውን ግን ማን ያየዋል? ባለቤቱስ? ኮምፕሬሰሩን ሲገዛ ዋጋ ተከራክሯል፤ ልጁን ሲቀጥርም ተከራክሯል። ቦቲ ጫማ ለመግዛት ጊዜ እንዳጣ አትንገሩን።

የእኛም ነገር አለ። የዚያን ቀን ጎማው ተነፋ፤ አየር እንዳያስወጣ ልጁ ውኃ አፍስሶ አየው፤ ውኃው ወደ ኮምፕሬሰሩ እግር ሲወርድ ሁላችንም እያየን ነበር። ከፈልነው። እጁን በሱሪው ጠርጎ ብሩን ተቀበለ። ባለቤቱ በሩ ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣ ነበር፤ ስለ ሽቦው አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ሳይመሽ ጎንደር ለመግባት ቸኩለን ነበር።