የአመራር ትምህርት ከዱቡሻ ይጀምር?

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ዳገቱ ሲያልቅ የምትገኘው ጨንቻ፣ አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች። በዙሪያዋ ያሉት ዶርዜ፣ ዶኮና ሌሎቹም የጋሞ ደሬዎች (ባህላዊ ግዛቶች) ከዚያም አስቀድሞ ስለ ጉዳያቸው የሚመክሩት በዱቡሻ፣ በሸንጎ አደባባያቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የፖለቲካና የአመራር ትምህርትን ከዚህ ሥርዓት ይጀምሩ ወይ? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ይጀምር

ተማሪዎቻችን ስለ ሥልጣን ሲማሩ ሥልጣንን በሦስት የከፈለውን ማክስ ዌበርን ያጠናሉ። ይማሩት። ነገር ግን አርባ ምንጭ ተቀምጦ የሚማር ወጣት በአቅራቢያው ኦቾሎ የምትባል የጋሞ ደሬ አለችው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ የኦቾሎን ሸንጎዎች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳተመ። ኋላም ፊቱን ወደ አውሮፓ ፓርላማና ወደ ገዛ አገሩ ምክር ቤት መልሶ እነርሱንም አጠና። ሌላው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ዣክ ቢሮ ስለ ጋሞ የፖለቲካ ሥርዓት የጻፈው መጽሐፍ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሁለቱም የተጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። ኦቾሎ የተመራማሪ ትምህርት ቤት ሆና ሳለ የኦቾሎ ልጅ ስለ አገሩ የተጻፈውን ማንበብ ይቸግረዋል።

ከጋሞ ሥርዓት የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ጥልቅ ነው። ካዎ ሹመቱን በዘር ይወርሳል፤ ለአገሩም መሥዋዕት ያቀርባል። ሃላቃ ግን ሸንጎ የሚመርጠው ሹም ነው። ደግሶ ሹመቱን ይቀበላል፣ የሸንጎውን ቃል ያደርሳል፣ ጊዜው ሲሞላ ለሌላ ይለቃል። የዘር ክብርና የምርጫ ሹመት ጎን ለጎን የቆሙበት፣ አንዱም ብቻውን አገሩን የማያዝበት ሥርዓት ነው። ሥልጣንን በጊዜው መልቀቅ ላቃታት አገር ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ ከወዴት ይመጣል?

የሥርዓቱን ጉልበትም አይተናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ተወላጆች አዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ ተገደሉ። አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል በተነሱ ወጣቶች ፊት የጋሞ ሽማግሌዎች የሰላም ምልክት የሆነውን እርጥብ ሳር ይዘው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ይህን ያህል የሚታዘዙለት አመራር ከወዴት እንደሚመነጭ የማይጠይቅ የአመራር ትምህርት ጎደሎ ነው።

አይጀምር

እነዚያ ሽማግሌዎች ያዳኑት የሰው ሕይወት ነው፤ ክብራቸው አይነካም። ሆኖም ዱቡሻው ላይ ቆሞ የሚናገረው ማን ነው? ሸክላ ሠሪው ማናና ቆዳ ፋቂው ደጋላ ለዘመናት ከሸንጎው ተገልለው፣ መሬትና የጋራ ማዕድ ተነፍገው ኖረዋል። ሴቶችም የሸንጎው ተናጋሪዎች አልነበሩም። ሃላቃ ለመሆን ድግስ ያስፈልጋል፤ ድግስ ደግሞ ሀብት ይጠይቃል። ስለዚህ ምርጫው ከመጀመሩ በፊት ድሃው ወጥቷል።

ወንድሜ የሚያወድሰው ሥርዓትም ባለበት የቆመ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ ከካዎዎቹ ብዙዎቹ ባላባት ተብለው የግብር ሰብሳቢነት ሥራ ያዙ። አንትሮፖሎጂስቷ ዴና ፍሪማን ዶኮ ላይ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ የሃላቃ ሥርዓት ራሱ ከኑሮው ጋር ሲለወጥ እንደኖረ አሳይታለች። የትኛውን ዘመን ዱቡሻ ነው የምናስተምረው?

ሌላም አለ። ሽማግሌ መንገድ ላይ የተንበረከከው ሕግ አስከባሪው የሰዎችን ሕይወት መጠበቅ ስላቃተው ነው። ይህን የአመራር አብነት አድርገን ካስተማርን፣ መንግሥት ግዴታውን በሽማግሌ ጉልበት ላይ ጥሎ እንዲሄድ እንፈቅድለታለን።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

እህቴ ስለ ማናና ስለ ደጋላ የተናገረችው እውነት ነው። ግን አቴናም ሴቱንና ባሪያውን ከሸንጎዋ አግልላ ነበር፤ የዴሞክራሲ ትምህርት ከአቴና ስለጀመረ ግን ማንም አልተቃወመም። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት መጽሐፍ ሲያሳትም ገዳ እንከን አልባ ስለነበረ አይደለም፤ ሊጠና የሚገባው የፖለቲካ አሳብ ስለነበረ ነው። ሥርዓቱ መለዋወጡም ለእኔ ወገን ይመሰክራል፦ የሚለወጥ ሥርዓት ሊታረም ይችላል። መገለሉን ከነሥሩ የሚያሳየንም ይህንኑ ሥርዓት ማጥናት ነው።

የሁለተኛዋ ጸሐፊ መልስ

የአቴና ሸንጎ ዛሬ ማንንም አይዳኝም። ጋሞ ደጋ ላይ ግን ሽማግሌ ዛሬም ይዳኛል፤ ስለዚህ ክፍል ውስጥ የምናወርደው ውዳሴ በሥሩ በሚኖሩት ላይ ይከብዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህል ሕግ እንዲታይ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። አንቀጽ 35 ደግሞ የሴቶችን እኩልነት ያረጋግጣል። ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ዱቡሻ ይጠና፤ ግን ጨንቻ የሚወጣ ተማሪ ከሃላቃው አስቀድሞ ሸክላ ሠሪዋን ይጠይቃት፦ አንቺ በዚህ አደባባይ ስለ ራስሽ መናገር ትችያለሽ? መልሷ «አዎ» እስኪሆን ድረስ ዱቡሻን አብነት ብሎ የሚያስተምር መምህር ሊኖር አይገባም።