የቁልፍ ሰሌዳ ዘንበልታና የእጅ አንጓ ምቾት

የመመረቂያ ጽሑፍ በሚዘጋጅባቸው ወራት የድኅረ ምረቃ ተማሪ እጅ ከቁልፍ ሰሌዳ ብዙም አይርቅም። ስለ ወንበርና ስለ ስክሪን ከፍታ ብዙ ይመከራል፤ ከሰሌዳው ሥር ስላሉት ሁለት ታጣፊ እግሮች ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እግሮቹ ስላሉ ብቻ መዘርጋት ያለባቸው ይመስላል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል።

እግሮቹ ሲዘረጉ የሰሌዳው የኋላ ጠርዝ ከፍ ይላል። ቅርጹ የቁልፍ ረድፎቹ እንደ ደረጃ ከፍ እያሉ የሚሄዱበትን የጽሕፈት መኪና ያስታውሳል። ቁልፎቹ ለዓይን ይቀርባሉ፤ እጅ ግን በአንጓው ላይ ወደ ላይ ይቀለበሳል። በአንጓው ውስጥ ባለው ጠባብ መተላለፊያ፣ በካርፓል ዋሻ፣ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። አንጓው ወደ ላይ በታጠፈ ቁጥር በዋሻው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ዝቅ የሚለው እጅ ከክንድ ጋር ቀጥ ሲል ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አለን ሄጅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያካሄዳቸው ጥናቶች፣ ወደ ኋላ ዝቅ ያለ ሰሌዳ አንጓን ወደዚህ ቀጥ ያለ አቋም እንደሚያቀርብ አሳይተዋል።

መረጃው ከሚፈቅደው በላይ መናገር ግን አይገባም። ዘንበልታው የእጅን አቋም እንደሚለውጥ ግልጽ ነው፤ መተየብ ብቻውን የካርፓል ዋሻ ሕመም ያስከትላል ወይ በሚለው ላይ ግን ጥናቶች አልተስማሙም። የመከራከሪያው መሠረት ምቾትና ድካም እንጂ የበሽታ ፍርሃት መሆን የለበትም።

ጉዳዩ በአማርኛ ለሚጽፉ ተመራማሪዎች ይበልጥ ይመለከታል። በተለመደው በድምፅ ላይ በተመሠረተ አተያየብ፣ ሦስት ፊደላት ያሉት «ሰላም» አምስት ጊዜ ቁልፍ መንካትን ይጠይቃል። አንዳንድ ፊደላት ደግሞ የሺፍት ቁልፍን ይጨምራሉ። የማይመች አቋም በእያንዳንዱ ንክኪ ይደገማልና፣ በመቶ ገጽ ጽሑፍ ላይ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ሰሌዳው በክርን ከፍታ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ እግሮቹ ይታጠፉ። ላፕቶፕ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ስክሪኑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጎ የተለየ ሰሌዳ ቢጠቀም ይበጀዋል። የኮምፒውተር ክፍል የሚያደራጁ ትምህርት ክፍሎችም የጠረጴዛውን ከፍታ ከማሽኑ ፍጥነት እኩል ሊመዝኑት ይገባል። የተማሪው ሐሳብ ወደ ገጹ የሚደርሰው በእጁ በኩል ነውና።