ሕፃኑ እንዲተኛ እናት መውደቅ የለባትም

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መብራት በርቷል። የአምስት ወር ልጇን ታቅፋ ከመስኮት እስከ በር የምትመላለስ እናት አለች። ልጁ እቅፏ ውስጥ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አልጋው ላይ ስታስቀምጠው ይነቃል። ከምሽት ጀምሮ ይህ አራተኛው ነው። ባል መኝታ ቤቱን ዘግቶ ተኝቷል፤ ነገ ሥራ አለው። እሷም ነገ ሥራ አላት፤ ይህን ግን የሚያነሳ የለም።

ይህች እናት በየሰፈሩ አለች። ጠዋት ላይ «ልጁን አልጋው ላይ እንዲተኛ ላለማምደው ነው» ብትል የሚጠብቃት መልስ የታወቀ ነው። አማቷ «ልጅ እንዴት ብቻውን ይተኛል? ፈረንጅ ሆንሽ እንዴ?» ይሏታል። ጎረቤቷ «እኛ ስንቱን አዝለን አሳድገናል» ትላለች። ባልም «እናትነት እኮ እንዲህ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም ተሳስተዋል። የባልየው ስህተት ግን ከሁሉም ይብሳል።

ማዘል መጥፎ ሆኖ አይደለም። አንቀልባና እሹሩሩ ትውልድ አሳድገዋል። ነገር ግን «እኛ አዝለን አሳድገናል» የሚሉት እናቶች ብቻቸውን አላዘሉም። አራስ ቤት ሳሉ ገንፎ የምታገነፋ፣ ልጅ የምትቀበል እናት ወይም እህት ነበረቻቸው። ከአራስ ቤት ሲወጡም አያት፣ አክስት፣ ታላቅ ልጅ፣ ጎረቤት ሕፃኑን ከጀርባ ወደ ጀርባ ይቀባበሉት ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ ሃምሳዎቹ ሰዎች የሉም፤ ሎሚው ግን እንዳለ አንዲት ሴት ላይ ወድቋል። ባህሉ ይከበር የሚል ሰው መጀመሪያ የባህሉን ክንዶች ይዞ ይምጣ። ክንዱን ወስዶ ወቀሳውን ብቻ መተው ባህልን ማክበር አይደለም።

በሌላ ወገን ደግሞ ስልክ ላይ ያዩትን ቪዲዮ ሕግ ያደረጉ ወላጆች አሉ። «በሩን ዘግታችሁ ውጡ፣ አልቅሶ ይተኛል» ይላሉ። ይህ ምክር አዲስ ሳይንስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሉተር ኤሜት ሆልት እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው የልጅ አያያዝ መጽሐፍ ሕፃን እንዲሁ አልቅሶ እንዲያበቃ መክሮ ነበር። ጆን ዋትሰን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር ደግሞ በ1928 ወላጆች ልጃቸውን ከማቀፍና ከመሳም ይልቅ ጠዋት እንዲጨብጡት እስከ መጻፍ ደርሷል። በ1985 መጽሐፉን ያወጣው ሪቻርድ ፈርበር እንኳ ስሙ ከማስለቀስ ጋር ቢያያዝም፣ የመከረው ልጅን መተው ሳይሆን በየተወሰነ ደቂቃ እየገቡ ማባበልን ነው። የሁለት ወር ሕፃን ዘግቶ መውጣት ማስተማር አይደለም። በዚያ ዕድሜ ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ ብዙ ጊዜ የራበው ልጅ ነው። መጥባት አለበት፤ አለቀ።

እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ውስብስብም አይደለም። የሕፃን እንቅልፍ አጫጭር ዙሮች አሉት፤ አንዱ ዙር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በየዙሩ መካከል ሕፃኑ ይባንናል። እቅፍ ውስጥ ተኝቶ አልጋ ላይ የባነነ ልጅ እቅፉን ይፈልጋል፤ አዋቂም ሳሎን ተኝቶ በረንዳ ላይ ቢነቃ ይጮኻል። ስለዚህ ልምምዱ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል፦ ልጁ የመጨረሻዋን ደቂቃ፣ ዓይኑ የሚከደንባትን፣ እዚያው አልጋው ላይ እንዲያሳልፋት ማድረግ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃን ቀንና ሌሊት አይለይም፤ ያን ጊዜ መታቀፍና መጥባት ብቻ ነው ሥራው። አራተኛው ወር ገደማ ግን ነገሩ ይለወጣል። በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት ገላ ማጠብ፣ ማጥባት፣ መብራት መቀነስ፣ እሹሩሩ ማለት፤ ከዚያም ዓይኑ ሲከብድ፣ ግን ገና ሳይተኛ፣ አልጋው ላይ ማጋደም ይቻላል። ቢነጫነጭ እጅን ደረቱ ላይ አድርጎ ድምፅ ማሰማት፤ አምርሮ ካለቀሰ አንስቶ ማረጋጋትና እንደገና ማስተኛት። ሲለምድ እጅ ይነሳል፣ ከዚያ ወንበሩ ትንሽ ትንሽ ይርቃል። ሌሊት የሚራብ ልጅ ይጠባል፤ የታመመ ልጅ ልምምዱ ይቆምለታል። እዚህ ውስጥ ጭካኔው የቱ ጋ ነው?

የእናት እንቅልፍ ቅንጦት አይደለም። በአውስትራሊያ ዕድሜያቸው ሰባትና ስምንት ወር በሆኑ ሕፃናት ላይ እንዲህ ያለ ቀስ በቀስ የማለማመድ ዘዴ ተሞክሮ፣ ልጆቹ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እንደገና ታይተው ነበር። በ2012 የወጣው ውጤት በልጆቹ ስሜትም ሆነ ከወላጅ ጋር ባላቸው ቅርበት ላይ ጉዳት አላገኘም። ከዚያ ቀደም ሲል ደግሞ ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው በእናቶቻቸው ላይ የድብርት ምልክት ቀንሶ ታይቷል። በእርግጥ ያው ጥናት ስድስት ዓመት ላይ የተለየ ጥቅምም አላየም። ያላለማመደች እናት ልጇን በደለች ማለት አይደለም። ያለማመደችም አልበደለችም።

በደል የሚባለው ሌላ ነው። ልጅ እንዲተኛ ተብሎ በየቤቱ የሚሰጥ የሳልና የአለርጂ ሽሮፕ አለ። «ትንሽ ጠብታ ምን ያደርጋል» ይባላል። የሕፃን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል፤ ይህን ያደርጋል። የደከመች እናት ሶፋ ላይ ልጇን ታቅፋ እንቅልፍ ሲጥላትም አደጋ አለ፤ ሕፃኑ በትራስና በሰውነቷ መካከል ሊታፈን ይችላል። ከእናቱ አጠገብ፣ እዚያው ክፍል፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በጀርባው የተኛ ሕፃን ከዚህ ሁሉ ይድናል። አሜሪካ በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከጀመረች በኋላ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። አልጋ ላይ ማስተኛት ፈረንጅነት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ይመልሱ።

አቅም ያላቸው ቤቶች ደግሞ መፍትሔውን ሞግዚት ብለውታል። ቀን ምግብ አብስላ፣ ልብስ አጥባ የዋለች፣ ከገጠር የመጣች የ17 ዓመት ልጅ ሌሊቱንም ሕፃን አዝላ ታድራለች። ይህ ሸክሙን ማቅለል አይደለም፤ እምቢ ማለት ወደማትችል ጀርባ ማዛወር ነው።

ሕጉም አያፍርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ልምምድ የሚጀመርበት ዕድሜ ሲደርስ እሷ ቢሮ ገብታለች። ለአባት የተሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። በ3 ቀን አባት የልጁን ለቅሶ ከረሃብ ለቅሶ እንኳ መለየት አይማርም። አሠሪዎች ይህን ቁጥር እንደ ጣሪያ ሳይሆን እንደ ወለል ሊያዩት ይገባል፤ የጨመሩትን የሚቀጣ ሕግ የለም።

አባት ግን አዋጅ እስኪሻሻል መጠበቅ የለበትም። ጡት የለውም፤ እጅ አለው። ደረቱ ላይ የምታርፈው እጅ የእናት ብቻ ትሁን የሚል መጽሐፍ የለም። እንዲያውም ወተት የማይሸተው ሰው ሲያስተኛው ቶሎ የሚረጋጋ ሕፃን ብዙ ነው። ከምሽቱ ማስተኛት አንዱን፣ ከሌሊቱ መነሳት አንዱን ወስዶ መካፈል ይቻላል። አያትም ከመውቀስ ይልቅ ቅዳሜ ምሽት መጥተው እሹሩሩውን እሳቸው ቢሉት ልምምዱ አይበላሽም፤ ይበረታል።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው መብራት ነገም ይበራል። ጥያቄው ልጁ እቅፍ ላይ ይተኛ ወይስ አልጋ ላይ የሚል አይደለም። ያንን እናቲቱ ትወስን። ጥያቄው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለምን ሁልጊዜ እሷ ብቻ ቆማ እንደምትገኝ ነው። «እናትነት እንዲህ ነው» የሚለው ሰው ከአልጋው ተነስቶ ይመልስ።