የቃና ዘገሊላ ወይንና በደብራችን በር የተፈቀደው መሸታ ቤት

በዚህ የበዓል ሰሞን በልባችን ውስጥ የከረመውን አንድ ጉዳይ ለውድ አንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ሌሎቹ ታቦታት ጥር 11 ቀን ወደየመንበራቸው ሲመለሱ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት እንደሚመለስ ይታወቃል። በአዲስ አበባ በምንኖርበት ሰፈር ወጣቶቹ ምንጣፍ እያነጠፉ ታቦቱን በሚያጅቡበት በዚያው መንገድ፣ ከደብራችን በር ፊት ለፊትና ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ አዲስ የአልኮል መጠጥ መሸጫ እንዲከፈት ተፈቅዷል። ውሳኔውን እንቃወማለን።

መጠጥን ሁሉ የምንኰንን ሰዎች አይደለንም። ብቅል አብቅለውና ጌሾ ወቅጠው ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ልጆች ነን፤ ጌታችን በሠርግ ቤት ውኃውን ወይን ማድረጉንም በዓል አድርገን እናከብራለን። ነገር ግን በጽዋ ማኅበራችን ጠላው የሚቀዳው ጸሎት ከደረሰ፣ ዳቦው ከተቈረሰ በኋላ ነው። ማን ምን ያህል እንደ ጠጣ ሁሉም ያያል፤ ሞቅ ያለው ቢኖር ጎረቤቱ ደግፎ ከቤቱ ያደርሰዋል። መሸታ ቤት የሚያውቀው የከፋዩን ኪስ ብቻ ነው።

የዕድራችን አባላት ፈርመን፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አብረውን ፈርመው ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። የተሰጠን መልስ በቃል ብቻ ሲሆን፣ ቦታው በፕላን ለንግድ የተመደበ ነው፣ አመልካቹም የሚጠየቀውን አሟልቷል የሚል ነበር። ዳቦ ቤትም እኮ ንግድ ነው፤ የደብተርና የእርሳስ መደብርም ንግድ ነው። ቦታው ለንግድ መመደቡ በሕፃናት መተላለፊያ ላይ የትኛው ንግድ ይስማማል ለሚለው ጥያቄያችን መልስ አይሆንም።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሻጩ ይህን ሕግ በቅንነት ቢያከብር እንኳ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ጧትና ማታ በበሩ ሲያልፍ የሚያየውንና የሚሰማውን ሊጋርድለት አይችልም። ዛሬ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶችስ ነገ ሥራ ፈትተው የት ሊቀመጡ ነው?

ፈቃዱን የጠየቀው ሰው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ለቤቱ ኪራይ ገንዘቡን አፍስሷል። እንጀራውን ልንነጥቀው ከቶ አንሻም። ጥፋቱም የእርሱ ሳይሆን ነዋሪውን ሳይጠይቅ የወሰነው መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤትም ከቤተ ክርስቲያንም የራቀ ቦታ ፈልጎ ሊሰጠው የሚገባው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአዲስ አበባ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶችንም የሚመለከት ሲሆን፣ አስተዳደራዊ ውሳኔ በምክንያት እንዲደገፍ ይደነግጋል። እኛም የጠየቅነው ይህንኑ ነው። በዓሉ አልፎ ቢሮ ሲከፈት፣ የወላጆች ኮሚቴና የሰበካ ጉባኤው ተወካዮች ባሉበት ሁለተኛውን ማመልከቻ በመዝገብ ቤት አስገብተን ቁጥር እንቀበላለን። በጽሑፍ መልስ ካላገኘን አቤቱታችንን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እናቀርባለን።